የላፕቶፕን ስክሪን በተሻለ ስክሪን ማስቀየር፦ የትኛው ፓነል፣ ለየትኛው ማሽን?

በአዲስ አበባ መሐል፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም፣ ከመክሲኮ እስከ ቦሌ መንገድ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ሠርተው የመጡ ቲንክፓዶች፣ ላቲቲዩዶችና ኤሊትቡኮች ናቸው። ፕሮሰሰራቸው ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለጥናት ገና ዓመታት ያገለግላል፤ ራምና ኤስኤስዲ ከተጨመረላቸው አዲስ ከሚባለው ርካሽ ላፕቶፕ በፍጥነት አያንሱም፤ ኪቦርዳቸውና ማጠፊያቸው ደግሞ ከዚያ ይልቅ ጠንካራ ነው። የሚያስቆጨው ስክሪናቸው ነው። ብዙዎቹ ሲመረቱ የተገጠመላቸው 1366 በ768 ፒክስል የሆነ፣ ከጎን ሲታይ ቀለሙ የሚገለበጥና የደበዘዘ ፓነል፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል፣ በመሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ማሽኑን ሳይሆን ዓይኑን ነው የሚያደክመው።

ድምዳሜዬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ማሽንዎ ኢዲፒ የተባለውን የስክሪን መገናኛ የሚጠቀም ከሆነና ገመዱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ 1920 በ1080 የሆነ፣ ማለትም ፉል ኤችዲ የሚባለው፣ አይፒኤስ ፓነል፣ ማለትም ከየትኛውም አቅጣጫ ሲታይ ቀለሙን የሚጠብቀው ዓይነት፣ ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው። ማሽኑ ከዚያ በፊት የነበረውን ኤልቪዲኤስ የሚጠቀም ከሆነ ግን ገንዘቡን በስክሪን ቅየራ ላይ ከማዋል ይልቅ ለብቻው በሚቆም ሞኒተር ላይ ማዋል፣ ወይም ላፕቶፑን ሸጦ ጨምሮ መግዛት ይሻላል። ከፉል ኤችዲ በላይ ያሉት ፓነሎች የሚጠቅሙት ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለዚህ ድምዳሜ ያደረሱኝን ምክንያቶች ነው።

ፊደላችንና ፒክስል

1366 በ768 የሆነ፣ ኤችዲ የሚባለው፣ ስክሪን በጠቅላላው 1,049,088 ፒክስል አለው፤ ፉል ኤችዲ ደግሞ 2,073,600፣ ማለትም እጥፍ ለመሆን ጥቂት የጎደለው ነው። ይሁን እንጂ ለዓይን ትርጉም የሚሰጠው ድምሩ ሳይሆን በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ የሚደረደሩት ፒክስሎች ብዛት ነው። በ14 ኢንች ስክሪን ላይ የመጀመሪያው በኢንች 112 ያህል፣ ሁለተኛው 157 ያህል ይሆናል። በ15.6 ኢንች ላይ ደግሞ 100 እና 141 ነው። ስለዚህም ትልቁን ላፕቶፕ በኤችዲ ስክሪን የሚጠቀም ሰው ከሁሉም በላይ ተጎጂ ነው፤ ስክሪኑ ሰፋ እንጂ ፒክስሉ አልተጨመረለትም።

ይህ ልዩነት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ከሚታየው ይልቅ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፊደላችን አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በእግራቸው ጫፍ ላይ ባለችው ምልክት ብቻ ነው፤ «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ» የሚለያዩት ደግሞ ከላይ በተጨመረው መስመር ነው። አንድ ቀለበት መሐሉ ክፍት ሆኖ እንዲታይ በወርዱ ቢያንስ ሦስት ፒክስል ይፈልጋል፦ ሁለት ለዳርና ለዳሩ፣ አንድ ለመሐሉ። ዊንዶውስ በተለመደው ልክ ሲሠራ የ12 ነጥብ ጽሑፍ በጠቅላላው 16 ፒክስል ቁመት ብቻ ስለሚሰጠው፣ ከዚያ ውስጥ ለቀለበቷ የሚደርሳት ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ ፊደሉ ወፍራም ሲሆን መሐሏ ተደፍኖ ነጠብጣብ ትሆናለች። በፉል ኤችዲ ላይ ማጉያውን ወደ 150 በመቶ ከፍ ሲያደርጉ ያው ጽሑፍ 24 ፒክስል ያገኛል፤ በስክሪኑ ላይ የሚይዘው ስፋት ከበፊቱ ብዙም ሳይርቅ ቀለበቱም ጭረቱም ይለያል።

ጽሑፍ የሚያርም ሰው ነጠላ ሰረዝንና ድርብ ሰረዝን ለመለየት ምን ያህል እንደሚቸገር የሚያውቀው ያውቀዋል። «፣» እና «፤» የሚለያዩት ከታች ባለች አንዲት ቀጭን መስመር ነው። እኔ ለዓመታት በኤችዲ ስክሪን ላይ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ገጹን 160 በመቶ እያጎላሁ፣ ወደ ጎን እየገፋሁ አነብ ነበር። የኋላ ኋላ ስክሪኑን ሳስቀይር የመጀመሪያው ቀን ያስደነቀኝ ቀለሙ አልነበረም፤ ሥርዓተ ነጥቡን ሳላጎላ ማንበብ መቻሌ ነበር።

ከጥራቱ ሌላ ቦታው አለ። የኤ4 ወረቀት በመደበኛ መጠኑ ወደ 794 ፒክስል ወርድ ስለሚይዝ፣ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ለማየት 1588 ፒክስል ያስፈልጋል። 1366 አይበቃም፤ 1920 ግን ይበቃል። ለሚተረጉም ሰው ይህ ማለት ምንጩንና ትርጉሙን በአንድ ጊዜ ማየት ማለት ነው። የኤክሴል አንድ ረድፍ በመደበኛው 20 ፒክስል ቁመት ስላለው ደግሞ፣ በ768 እና በ1080 መካከል ያለው የ312 ፒክስል ልዩነት 15 ተጨማሪ ረድፎችን ያሳያል፤ የሂሳብ ሠራተኛ ይህን በደንብ ይረዳል። ሁለቱን ጥቅሞች ግን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማግኘት አይቻልም። ማጉያውን 125 በመቶ ላይ ካደረጉት የሥራ ቦታዎ 1536 በ864 ይሆናል፤ ጥራትም ቦታም በመጠኑ ይጨምራል ማለት ነው። ለ14 ኢንች የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ሁሉን የሚወስነው ገመዱ

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ስክሪኑ በመጠን ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። ከማዘርቦርዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ምስሉን የሚያጓጉዝ መንገድ በመሆኑ፣ የመንገዱ ዓይነትና ስፋት ከፓነሉ ጋር መስማማት አለበት።

የመንገዱ ዓይነት ሁለት ነው፤ ቀደም ያለው ኤልቪዲኤስ፣ በኋላ የመጣው ኢዲፒ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማብቂያ ላይ ኢንቴልና ኤኤምዲ፣ ዴልንና ሌኖቮን ከመሳሰሉ አምራቾች ጋር ሆነው ኤልቪዲኤስን ቀስ በቀስ እንደሚተዉ አስታውቀው ነበር፤ ኢንቴል ለዚህ የያዘው ጊዜ 2013 ነበር። በገበያችን ቋንቋ ሲነገር፣ ሦስተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በታች ያሉ የኢንቴል ላፕቶፖች በአብዛኛው ኤልቪዲኤስ፣ ከአራተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው ኢዲፒ ናቸው። ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ430 እና ኤክስ230 ኤልቪዲኤስ ሲሆኑ፣ ቲ440 እና ከእሱ በኋላ የመጡት ኢዲፒ ናቸው። «በአብዛኛው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ ሳያዩ በጄኔሬሽን ብቻ መግዛት አይገባም።

ኢዲፒ የሆነው ገመድ ደግሞ ሰፊም ጠባብም ይሆናል። ምስሉ የሚሄድበት እያንዳንዱ ጥንድ ሽቦ ሌን ይባላል፤ በተለመደው ፍጥነት አንድ ሌን በሰከንድ 2.7 ጊጋቢት ይልካል፤ ከዚያ ውስጥ ለምስሉ የሚተርፈው 2.16 ጊጋቢት ነው። የኤችዲ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ከ1.8 ጊጋቢት ብዙም የራቀ ስለማይፈልግ በአንድ ሌን ይሠራል። ፉል ኤችዲ ግን ከ3.3 ጊጋቢት በላይ ስለሚፈልግ ሁለት ሌን የግድ ነው። የአንዳንድ ላፕቶፖች አምራቾች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ኤችዲ ስክሪን ለተገጠመለት ማሽን አንድ ሌን ብቻ ያለው ገመድ ያደርጉለታል፤ ሶኬቱ ያው 30 ፒን ነው፣ ሲያዩት ምንም ልዩነት የለውም፣ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ግን ጎድለዋል።

የእኔም ስህተት ይኸው ነበር። ለ15.6 ኢንች ላፕቶፕ ፉል ኤችዲ ፓነል ገዝቼ፣ ሶኬቱም መጠኑም ልክ መሆኑን አይቼ ተደስቼ አስገጠምኩ፤ የጀርባ ብርሃኑ በራ፣ ምስል ግን አልወጣም። ጥገና ቤቱ ፓነሉ ተበላሽቷል አለኝ፤ ሻጩ ደግሞ ጠጋኙ አበላሸው አለ። ሁለቱም አልነበረም። ለዚያው ሞዴል የፉል ኤችዲ ገመድ ታዝዞ ሲመጣ ያው ፓነል ያለ ምንም ችግር ሠራ፤ እስከዚያው ግን ሳምንታት አልፈዋል፣ ከሁለት ሰዎችም ጋር ተቀያይሜያለሁ።

ከዚህ የሚያድነው ነገር ቀላል ነው። በመጀመሪያ፣ ላፕቶፕዎ ከፋብሪካ ሲወጣ በፉል ኤችዲም ይቀርብ እንደነበር ያጣሩ፤ ከቀረበ የአምራቹ የመለዋወጫ ዝርዝር የሁለቱን ገመዶች ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ገመድዎ ይበቃል፤ የተለያየ ከሆነ ገመዱን ከፓነሉ ጋር ይግዙ። ሌላውና በእኛ ከተማ ይበልጥ የሚሠራው መንገድ ላፕቶፑን ይዞ ሄዶ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ፓነሉን ከክዳኑ ውጭ በገመዱ ላይ አስክቶ ማየት ነው። ጥሩ ጥገና ቤት ይህን ለማድረግ አያመነታም፤ የሚያመነታ ከሆነ ወደ ሌላ ይሂዱ።

ባለ 40 ፒን ሶኬት ካገኙ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ባለ 40 ፒን ኤልቪዲኤስም አለ፣ ባለ 40 ፒን ኢዲፒም አለ፤ ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል አንዱን በሌላው ላይ መሰካት ፓነሉን ወይም ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። በኢዲፒ በኩል 40 ፒን የሚገኘው ብዙ ጊዜ በንክኪ በሚሠሩ ስክሪኖች፣ በሰከንድ ከ60 ጊዜ በላይ በሚታደሱና ከፉል ኤችዲ በላይ በሆኑ ፓነሎች ላይ ነው። ንክኪ ያለውን ስክሪን መቀየር ደግሞ መስታወቱ በሙጫ የተያያዘ ስለሚሆን ለተራ ተጠቃሚ የማልመክረው ሥራ ነው።

ቲኤን ወይስ አይፒኤስ

አንድ ሰው «ፉል ኤችዲ አለኝ» ብሎ ፓነል ቢያቀርብልዎ ጥያቄው ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ፉል ኤችዲ የሆኑ ሁለት ዓይነት ፓነሎች በገበያው ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ቲኤን እና አይፒኤስ። ቲኤን ፊት ለፊት ሲያዩት ጽሑፉ ይነበባል፤ ነገር ግን ክዳኑን በጥቂቱ ቢያዘነብሉት ጥቁሩ ይነጣል፣ ነጩ ይጠቁራል፤ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ቀለም እርስዎ ከሚያዩት የተለየ ነው። አይፒኤስ ከየትኛውም አቅጣጫ ቀለሙን ይጠብቃል፤ በብሩህና በጨለማ መካከል ያለው ልዩነትም ብዙውን ጊዜ ከቲኤን እጥፍ የሚጠጋ ነው።

በእኔ አስተያየት አንድ ሰው ከኤችዲ ቲኤን ወደ ፉል ኤችዲ ቲኤን ቢቀይር ገንዘቡን በግማሽ አባክኗል። እንዲያውም በጥራት ከፉል ኤችዲ ዝቅ ያለ፣ 1366 በ768 የሆነ አይፒኤስ ስክሪን ያለው ኤክስ230 ከአንዳንድ ፉል ኤችዲ ቲኤኖች ይልቅ ለዓይን እንደሚያርፍ አይቻለሁ። የዋጋው ልዩነት የሚያሳስብ ሆኖ ካገኙት፣ ቲኤኑን ገዝቶ ከመቆጨት ጥቂት ወር ታግሶ አይፒኤሱን መግዛት ይሻላል።

አይፒኤስ ራሱም ደረጃ አለው። ዝቅተኛው 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ ተብሎ የሚገለጸውን የቀለም ስፋት ብቻ የሚያሳይ፣ ብርሃኑም ከ220 እስከ 250 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) የሆነ ነው። ከፍ ያለው 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ፣ ማለትም ኤስአርጂቢ የተባለውን መለኪያ ሙሉ በሙሉ ለማለት ያህል የሚሸፍን፣ ብርሃኑም 300 ኒትና ከዚያ በላይ የሆነ ነው። ጽሑፍና ሒሳብ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ይበቃል። ለሠርግ ፎቶ አርታኢ፣ ለመጽሔት ገጽ አቀናባሪ፣ ለባነርና ለማስታወቂያ ሠሪ ግን አይበቃም፤ በ45 በመቶ ስክሪን ላይ የሰንደቅ ዓላማችን ቀይ ወደ ብርቱካን ያጋደለ ይመስላል፣ ሠሪውም እሱን ለማረም ሲል ቀለሙን ይጨምርና ማተሚያ ቤት ሲደርስ የተጋነነ ይሆንበታል።

የብርሃኑን ነገር ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የበጋ ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሠራውም መስኮቱ ሰፊ በሆነ ቢሮ ወይም ግድግዳው መስታወት በሆነ ካፌ ውስጥ ነው። 220 ኒት እዚያ ውስጥ ያንሳል። በዚሁ ምክንያት ብርሃን የማያንጸባርቅ ገጽ ያለውን ፓነል እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ የሚያንጸባርቀው በሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያምራል፣ በመስኮት አጠገብ ግን የራስዎን ፊት ነው የሚያሳይዎ።

ሻጩ ዓይነቱን ባያውቀው ከፓነሉ ጀርባ ያለው ተለጣፊ ይናገራል። የኤዩ ኦፕትሮኒክስ ፓነል «ቢ» ብሎ ይጀምርና መጠኑን ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ፊደል ኤክስ ከሆነ ኤችዲ፣ ኤች ከሆነ ፉል ኤችዲ ነው፤ ቀጥሎ ቲ ካለ ቲኤን፣ ኤ ካለ ደግሞ ከአይፒኤስ ጋር የሚመደብ ሰፊ እይታ ያለው ነው። ስለዚህ ቢ156ኤችቲኤን ፉል ኤችዲ ቲኤን ሲሆን፣ ቢ156ኤችኤኤን የሚፈለገው ዓይነት ነው። በቢኦኢ ፓነሎች ላይ ኤንቲ156ደብሊውኤችኤም ኤችዲ ቲኤን፣ ኤንቪ156ኤፍኤችኤም ፉል ኤችዲ አይፒኤስ ነው። በኤልጂ ዲስፕሌይ ኤልፒ156ደብሊውኤች ኤችዲ፣ ኤልፒ156ደብሊውኤፍ ፉል ኤችዲ ነው። እነዚህን ሦስቱን በወረቀት ጽፎ መያዝ ብቻ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ከፉል ኤችዲ በላይ ያሉት

2560 በ1440 የሆነው ፓነል በ14 ኢንች ላይ በኢንች 210 ያህል፣ 3840 በ2160 የሆነው ፎር ኬ ደግሞ በ15.6 ኢንች ላይ 282 ያህል ፒክስል ይሰጣል። ጤናማ ዓይን ከግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ለይቶ የሚያየው በኢንች 175 ያህል ፒክስል ድረስ ነው፤ ስለዚህ በ14 ኢንች ላይ ፉል ኤችዲ ወደ ጫፉ የተጠጋ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ የሚታየው ስክሪኑን ወደ ፊታችን ስናስጠጋ ነው። ፒክስሉ ሲያንስ ብርሃን የሚያሳልፈው ቀዳዳም ስለሚያንስ፣ ያንኑ ያህል ለመብራት የጀርባው ብርሃን የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። መብራት በሄደ ሰዓት በባትሪ ሥራውን የሚጨርስ ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ገመዱም በአብዛኛው 40 ፒንና አራት ሌን መሆን ስላለበት ቅየራው ከፓነል አልፎ ወደ ገመድ ይሄዳል፤ ለምሳሌ ቲ480 በፉል ኤችዲ 30 ፒን ሲጠቀም፣ ለ2560 በ1440 ግን 40 ፒን ገመድ ይጠይቃል። ፎቶግራፍ የሚያርም ሰው ወጪው ቢያዋጣው አልቃወምም። ለቀሪዎቻችን አላስፈላጊ ነው።

ማሽኑ ኤልቪዲኤስ ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲያዝን አይቻለሁ፤ ቲ430 እና ኤክስ230 እጅግ የተወደዱ ማሽኖች ናቸውና። ቲ430 ያለ ተጨማሪ ነገር ሊደርስ የሚችለው 1600 በ900 ድረስ ነው፤ ይህም በ14 ኢንች ላይ በኢንች 131 ያህል ስለሚሆን ከኤችዲ ይሻላል፣ ነገር ግን ፓነሎቹ ቲኤን ናቸው። ለኤክስ230 ደግሞ ምልክቱን ከማዘርቦርዱ ላይ ካለው የዲስፕሌይፖርት መስመር ወስዳ ለኢዲፒ ስክሪን የምትሰጥ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ እሷን ለመግጠም ግን በጣም ቀጫጭን ነጥቦች ላይ መበየድ ያስፈልጋል። እጁ የለመደ ባለሙያ ይሠራዋል፤ ቢሳሳት የሚጠፋው ግን ስክሪኑ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ነው። በፍቅር የሚያደርጉት ሥራ ነው እንጂ በሒሳብ የሚያዋጣ አይደለም።

በእነዚህ ማሽኖች ላይ ለቤትና ለቢሮ የሚሻለው በጠረጴዛ ላይ የሚቆም ፉል ኤችዲ ሞኒተር ነው። ሁለቱም የዲስፕሌይፖርት ትንሿ ሶኬት ስላላቸው በአነስተኛ መቀየሪያ ከኤችዲኤምአይ ጋር ይገናኛሉ፤ ሰማያዊው ቪጂኤ ገመድ ግን ፊደሉን ስለሚያደበዝዘው ቢቀር ይሻላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በ24 ኢንች ሞኒተር ላይ ፉል ኤችዲ በኢንች 92 ያህል ብቻ ነው፣ ከአሮጌው የ14 ኢንች ስክሪን እንኳ ያነሰ። ሞኒተሩ የሚሰጠው ቦታ እንጂ ጥራት አይደለም፤ ራቅ ብለው ስለሚቀመጡና ፊደሉን ስለሚያጎሉ ግን ንባቡ ይቀላል። በ21.5 ኢንች ላይ 102 ስለሚሆን ለአማርኛ አርትዖት እኔ ይህንን እመርጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩም አብሮ ይጠፋል፤ በየካፌው እየተዘዋወረ ለሚሠራ ሰውም አይሆንም። እንዲህ ላለው ሰው የሚያዋጣው ላፕቶፑን ሸጦ፣ ከመጀመሪያውኑ ፉል ኤችዲ አይፒኤስ የተገጠመለትን ያገለገለ ማሽን መግዛት ነው።

ሱቅ ሲደርሱ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ይወጣል ይወርዳልና፣ ወዳጅዎ ባለፈው ዓመት የከፈለውን ይዘው አይከራከሩ። በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቀው ያነጻጽሩ፤ ሲጠይቁም «የፓነሉ፣ የገመዱና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፓነሉ አዲስ ነው ወይስ ከሌላ ላፕቶፕ የወጣ? የወጣ ከሆነ መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ዋጋው ሊለይ ይገባል።

መጠኑን በኢንች ብቻ አይለኩ። ሁለት ባለ 15.6 ኢንች ፓነሎች የብርሃን ገጻቸው እኩል ሆኖ ውጫዊ ወርዳቸው 360 እና 350 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞው ዳርና ዳሩ ሰፊ፣ የአሁኑ ጠባብ ነውና። የብሎን ጆሮዎቹ ከላይና ከታች ናቸው ወይስ በጎን፣ ወይስ ጨርሶ የሉም? ሶኬቱስ በየትኛው በኩል ነው? አሮጌውን ፓነል አውጥቶ ከአዲሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ማስተያየት ሁሉንም በአንዴ ይመልሳል። ጆሮ የሌለውን ፓነል በሙጫ ለጥፎ ሊሰጥዎ የሚፈልግ ጠጋኝ ካጋጠመዎ አይስማሙ፤ ማጠፊያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይላቀቃል።

ባለሙያው ካቻቪቴውን ሲያነሳ ከሁሉ በፊት ባትሪውን ማውጣቱን፣ ባትሪው ውስጥ ለውስጥ የሆነ እንደሆነ ገመዱን መንቀሉን ይመልከቱ። የስክሪኑን ገመድ ኃይል እያለው መንቀልና መሰካት በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የጀርባ ብርሃን ፊውዝ ሊያቃጥላት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ደህናው ፓነል ጨለማ ሆኖ ይቀርና ጥፋቱ በፓነሉ ላይ ይላከካል።

ከተገጠመ በኋላ ክፍያውን ሳይጨርሱ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ቀይ ምስል ከፍተው ይዩ። በነጩ ላይ የሞተ ፒክስል፣ በጥቁሩ ላይ ከዳር የሚያፈስ ብርሃን፣ በቀዩ ላይ ቀለሙ ይታያል። ከጎንና ከላይ ዘንበል ብለው ይዩት፤ ቀለሙ ከተገለበጠ የተሸጠልዎ ቲኤን ነው። ብርሃኑን ዝቅ አድርገው በስልክ ካሜራ ይመልከቱት፤ በካሜራው ላይ የሚሮጡ ወፍራም ሰንበሮች ከታዩ የጀርባ ብርሃኑ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው ማለት ነው፣ ራስ ምታት የሚያስቸግረው ሰው እንዲህ ያለውን ቢመልስ ይሻለዋል። በመጨረሻም በዊንዶውስ የስክሪን ማስተካከያ ውስጥ 1920 በ1080 መመረጡን አረጋግጠው፣ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በ12 ነጥብ ይክፈቱና «ቢ» እና «ቤ»፣ «፣» እና «፤» ሳያጎሉ መለየትዎን ይሞክሩ። የዋስትናውን ቀንና ከጀርባው ያለውን የፓነል ቁጥር በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።